እልልታ በገነነ ግቢ

(አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ። ይፍሩ ለመንግሥት ሥራ ገረሴ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ከአውቶቡስ መውረዱ ነው። ሊቀበለው የመጣው ጎረቤቱ፣ ሸማኔው ኦይታ፣ በኮባ ቅጠል የያዘውን ቅቤ አናቱ ላይ ሊያደርግለት ኮፍያውን ይጎትታል።)

ይፍሩ፦ ልቀቅ አልኩህ! ኮፍያዬን አላወልቅም!

ኦይታ፦ ጋሼ፣ ቅቤው በፀሐይ አለቀ፤ ትንሽ ጎንበስ ይበሉልኝ።

ይፍሩ፦ ምን ተገኘና ነው ቅቤው?

ኦይታ፦ ደስታ ነዋ! የማትሪክ ውጤት መጥቶ...

ይፍሩ፦ አውቃለሁ!

ኦይታ፦ ያውቃሉ? ማን ነገረዎት?

ይፍሩ፦ ጭንቅላቴ! ሾፌሩ ጠዋት ከዚህ ሲነሳ ጎረቤታችንን ገነነን ሙክት ሲጎትት አይቶታል። እልልታው ይኸው ከገነነ ግቢ እዚህ ድረስ ይሰማል። ይኼን ለማወቅ ምን ነጋሪ ያስፈልጋል?

(የገነነ ልጅ ሚካኤል አለፈ ማለት ነው። የእሱ ሳባስ? እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት ልጁ ከሚካኤል ጋር ተፈትናለች፤ ስሟን ያነሳ ግን የለም።)

ኦይታ፦ ታዲያ ፊትዎ ለምን ጠቆረ?

ይፍሩ፦ አልጠቆረም! ክርስቲያን ደስታ ባለበት ፊቱ አይጠቁርም። እያስተካከልኩት ነው።

ኦይታ፦ ፊትዎን?

ይፍሩ፦ ልቤን! አንተ አይገባህም እንጂ ደስታ መካፈል ከጾም ይከብዳል። ጾሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያልቃል፤ ይኼኛው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል?

ኦይታ፦ እኔን አይከብደኝም። እልል ስል ጭራሽ ይቀለኛል።

ይፍሩ፦ አንተማ ቅናት አታውቅ!

ኦይታ፦ በማን ልቅና? በሙክቱ?

(ይፍሩ ላቡን ሊጠርግ ኮፍያውን ሲያነሳ፣ ኦይታ ቅቤውን አናቱ ላይ ለጠፈው።)

ይፍሩ፦ አንተ ሰውዬ!

ኦይታ፦ እንኳን ደስ ያለዎት!

ይፍሩ፦ እሺ፣ እዚህ አገር ደስታ ሲኖር እንግዳው ሁሉ ይቀባል፤ አውቃለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ኖሬበታለሁ! (ቅቤው በጆሮው እየወረደ ይሄዳሉ። ወደ ገነነ ግቢ ሲቃረቡ ይፍሩ ቆመ።) እስቲ እየኝ፤ ፈገግታዬ እንዴት ነው?

ኦይታ፦ ጥርሱን ሊነቀል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስላሉ።

ይፍሩ፦ አሁንስ?

ኦይታ፦ አሁን ተነቀለ።

(በሩ ላይ ሚካኤል ላብ እስኪያጠምቀው ይጨፍራል። ትንሽ ሳለ ለእናቱ ዳቦ ሲላላክ የሚያውቀውን ልጅ እንዲህ ሲዘል ሲያየው፣ ይፍሩ ቅናቱ በየት እንደወጣ ሳያውቅ ሮጦ አቀፈው።)

ይፍሩ፦ እንኳን ደስ አለህ ልጄ! ከልቤ ነው! እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከልቤ ነው! እልልልል!

ኦይታ፦ ጋሼ... እሱ እኮ አላለፈም።

ይፍሩ፦ (እንዳቀፈው) አላለፈም? ታዲያ ምን ያስጨፍረዋል?

ኦይታ፦ የሳባ ማለፍ ነዋ!

ይፍሩ፦ የየትኛዋ ሳባ?

ኦይታ፦ የእርስዎዋ! ገነነ፣ «እናት የላት፣ አባቷም መንገድ ላይ ነው፤ ደስታዋ በባዶ ቤት አይዋል» ብሎ ድግሱን እዚህ አደረገው።

ይፍሩ፦ (ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ፣ እያለቀሰ እየሳቀ) የገዛ ልጁ ወድቆበት... ለኔ ልጅ ሙክት! አንተ ኦይታ፣ ምነው ሳትነግረኝ?

ኦይታ፦ ልነግርዎት ስል አውቃለሁ አሉኝ! እኔማ ልጁ አልፋለት እንዲህ የሚከፋው አባት አይቼ ስለማላውቅ፣ «ምን ነካቸው?» ብዬ ከመናኸሪያው እስከዚህ አባታችን ሆይ ስደግምልዎት ነው የመጣሁት!