ደሟ ይሰብሰብ

በቋንቋችን እንደ ደም ሥራ የበዛበት ቃል መኖሩን እንጃ። በደም ሥሮቻችን የሚሄደው ደም ነው፤ ዘመድም ደም ነው፤ ቂምም ደም ነው። ሥራ የበዛበት ደግሞ ሰው ያሳስታል። እኔን ያሳሳተኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ጉለሌ ሸማ እየሠራሁ ስኖር ነው።

ባለቤቴ አስካለ መንጋጋዋን ተነቀለች። ጥርሱ በቀላሉ ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። በጨው ብንል፣ በጥጥ ብንል ሲንጠባጠብ አደረ። ጠዋት ከንፈሯ ነጥቶ ሳይ ደነገጥሁና ጎረቤት አስተባብሬ ሐኪም ቤት አደረስኋት።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ከጎኑ አቶ ዘካርያስ የሚባሉ አስተርጓሚ ቆመዋል፤ ሚሲዮን ተምረው ላቲን እንደ ዳዊት የሚደግሙ፣ አንድን ቃል ከነሥሩ ካልመረመሩ የማይተረጉሙ ሰው ናቸው። ሐኪሙ አፏን አየና ፊቱ ጠቆረ። ውስጡ «ኮአጉሌት» የሚባል ቃል ያለበት ነገር ተናገረ። አቶ ዘካርያስ ጥቂት አሰቡና፣

«ደሟ መሰብሰብ አለበት፤ አለዚያ ያሰጋል ይላል» አሉኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፤ ያውም በቶሎ።»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ይገባችሁ ነበር? ሰው ሊሞት ሲል ዘመድ ይጠራል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።

ችግሩ፣ ከአስካለ ደም ዋናው ታላቅ ወንድሟ ደጀኔ ነበር። እኔን ስታገባ «ሸማኔ ያገባች እህት የለችኝም» ብሎ ከማለ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ወደ ቁስቋም ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ሲያየኝ በሩን ሊዘጋው ነበር።

«ሐኪሙ የአስካለ ደም ይሰብሰብ ብሏል» አልሁት።

ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰና ቀድሞኝ ወረደ፤ በየደጁ እየቆመ ዘመዱን ሁሉ አስነሣ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ በሩ ላይ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ጠበቀው። አንዲት አክስት ሙሾ ጀምረዋል። ሐኪሙ ግድግዳውን ተደገፈ፤ በሽተኛዋ ደኅና ነበረችና ማን እንደ ሞተ አስጠየቀ።

«የሞተማ የለም። ሰብስብ ያሉኝ ደሟ ነው» አልሁ።

አቶ ዘካርያስ መነጽራቸውን አወለቁ። ቃሉ በላቲን ከሥሩ ከብትን እየነዱ አንድ ላይ መሰብሰብ ማለት እንደ ሆነ፣ ኋላም ወተትን አርግቶ አይብ ለሚያደርገው ነገር ስም እንደ ሆነ እየተንተባተቡ አስረዱን።

«እና መርጋት ነዋ» አሉ አክስቷ፣ ሙሾውን አቁመው።

«አዎን፣ መርጋት ነው።»

«ታዲያ ይርጋ አይሉንም ነበር?»

ደሙማ ሐኪሙ ድዷን ሰፍቶ በጥጥ ከጠቀጠቀው በኋላ ረግቷል። ዘመድ እየተሳሳቀም እየተቆጣም ተበተነ። ደጀኔ ግን እንደ ቆመ ቀረ። ካልሞተች ምን አደርጋለሁ ብሎ ይሄዳል ስል፣ ነጠላውን አስተካክሎ ገባና አልጋዋ ግርጌ ተቀመጠ። አፏ ጥጥ ሞልቶታል፤ በዓይኗ ብቻ ታፈጥበታለች። እሱም ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ትቀምሳለች?» አለኝ።

«አጥሚት ብቻ ነው የተፈቀደላት።»

«እኔ ቤት ይሠራል።»

ጥጡ እስኪወጣ ድረስ አጥሚቱን ይዞ ተመላለሰ። ጥጡ በወጣ ቀን አስካለ ስንት ዘመን ያጠራቀመችውን ሁሉ፣ ሳታስቀር፣ አወረደችበት። እኔ ደንግጬ በሩን ያዝሁ። እሱ ማንኪያውን እንደ ያዘ እስክትጨርስ ጠበቀና፣

«በይ እንግዲህ፣ ሳይቀዘቅዝ» አላት።