አርባ ቀን ያልሞላው

ትልቅ ሰው ስለ ክርስትና ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ ድግሱ ነው። በጉ ስንት ሰው ያበላል፣ ድንኳኑ የት ይተከላል፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ማነው፣ ክርስትና አባት የሚሆነው የባልየው አለቃ ነው ወይስ የሚስቲቱ አጎት? በዚህ ስንባትል ዋናው ባለጉዳይ፣ ራቁቱን ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚጮኸው ሕፃን ይረሳል። ልጆች ግን ድግሱን ትተው ውሃውን ይጠይቃሉ። ለምን ሦስት ጊዜ ይነከራል? ውሃው አይቀዘቅዝም? ሲያለቅስ ቄሱ አያዝኑለትም? መልስ ካላችሁ ኑና እርዱኝ። እኔ እዚህ ዲላ በሥራ ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሕፃናት። ሒሳቡ ይሻላል።

ጥምቀትን የማስተምረው በፕላስቲክ ሳፋና ፀጉሯ በተመለጠ አሻንጉሊት ነው። አንዱ ቄስ ይሆናል፤ አንዷ ክርስትና እናት። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ እንደሚጠመቁ እናጠናለን፤ ከዚያ ስመ ክርስትና እናወጣለን፤ እዚህ ላይ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል። ያን እሑድ አሻንጉሊቷ በጩኸት ብዛት ወንድ ሆና ተጠመቀች። ሳቁ ሳያበቃ ማርታ እጇን አወጣች። ማርታ ከፊት የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ አርባ ቀን ሳይሞላው የሞተስ?»

«ማን ነው የሞተው?»

«ወንድሜ። ማሙሽ።»

አባን ጠይቄ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት፤ ጠየቅኋቸውም። አባ ሸምገል ያሉ የደብራችን ቄስ ናቸው። «የታመመ ሕፃን አርባ ሳይጠበቅ ይጠመቃል። ይህን የሚነግራቸው አላገኙም ይሆናል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለልጂቱ ግን፣ የእግዚአብሔርን ምሕረት እኛ አልሰፈርነውም በያት» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ለልጅ እንዴት እንደምናገረው ሳሰላስል ሰነበትኩ። ማርታ ግን እሑድን አልጠበቀችም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ አስቴር ዝናብ አበስብሷት ቤቴ መጣች።

«ልጄን ምንድነው ያስተማርሽብኝ?»

ለጠብ የመጣች መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላት። ለጠብ አልነበረም።

ሕፃኑ የተወለደው ካቻምና ነው። ደህና ይጠባ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትኩሳት ያዘው፤ በባጃጅ ሆስፒታል ሳይደርሱ እቅፏ ውስጥ አለፈ። ክርስትና ስላልተነሳ ፍትሐት አልተደረገለትም። ጪጩ በምትባለው መንደር፣ የባሏ አባት ጓሮ፣ ከእንሰቱና ከቡናው መሃል ቀበሩት። ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ይተካልሽ» እያላት ሄደ። ጃንጥላ የጠፋባት ይመስል። እሷም በሳምንቱ ሱቋን ከፈተች። «ለሱ ማልቀስ ነውር መሰለኝ» አለችኝ፤ «ለአርባ ቀን እንኳ ያልደረሰ ልጅ ይለቀሳል እንዴ?»

ያን ዕለት ጠዋት ማርታን ይዛ አማቷን ለመጠየቅ ጪጩ ወርዳ ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ ልጂቱ ተሰወረች። ሲፈልጓት ጓሮ ተገኘች። ለካ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ በቦርሳዋ ይዛ ኖሯል። አፈሩ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰች። የአንገቷን ማዕተብ በጥሳ እዚያው ከበቀለች የቡና ችግኝ ላይ አሰረች።

«ስም አወጣችለት እኮ» አለች አስቴር። «ወልደ ኪዳን አለችው። እኔ እናቱ ማሙሽ ከማለት በቀር ምንም ብዬው አላውቅም።»

እዚህ ስትደርስ ካቻምና የቀረው ለቅሶ መጣ። እኔ እንደ ልማዴ «አይዞሽ» አልኩ፤ «አይዞሽ» ግን ለዚህ ለቅሶ የተሠራች ቃል አይደለችም። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግፌ ወደ ቤቷ ወሰድኳት።

ማርታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። አስቴር አልፋት ወደ ውስጥ ገባች።

«ቲቸር፣ ተጠመቀ?»

ሥርዓቱን አውቃለሁ። የሞተ አይጠመቅም፤ ልጅም አታጠምቅም። ልዋሻት አሰብኩ። አሁንም ያን ጊዜ ብዋሽ ይሻል ነበር የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል፤ ዓይኗን ብታዩት ግን እናንተም አትችሉም።

«አልተጠመቀም፣ ማርታዬ። ጥምቀት በሕይወት ላለ ሰው ነው። አባ ግን፣ የእግዚአብሔርን ምሕረት እኛ አልሰፈርነውም ብለውሻል።»

ባዶ አንገቷን በእጇ ዳበሰች።

«እሺ። ስሙ ግን ይቆይለት?»

«ይቆይለት።»

ከውስጥ የአስቴር የለቅሶ ድምፅ ከፍ አለ። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው ገቡ። «ማን ሞተ?»

«ልጄ» አለች አስቴር።

ሁሉም ዞረው ማርታን አዩ። ማርታ ቆማለች።

«ትንሹ። ወልደ ኪዳን።»

ወጥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ከካቻምና ወዲህ ዓለም ስንቱን ሌላ ለቅሶ አልቅሷል! አንዷ ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሌላዋ ተከተለች። ይተካልሽ ያለ ሰው አልነበረም። ብዙ ከቆየን በኋላ የሱቅ ጎረቤቷ አንገቷን እንደደፋች፣ «የኔዋ ሴት ነበረች» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። ከወዲያ ጥግ ሌላዋ፣ የሷ ሐዋሳ ሆስፒታል እንደቀረ ተናገረች። ለዓመታት አብረው ዕቁብ የጣሉ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን አታውቅም ነበር።

እማማ ብርቄ ብቻ ዝም እንዳሉ ነበሩ። የሰፈሩ ትልቅ እሳቸው ናቸው፤ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ አልሰሙም ብዬ ነበር።

«የኔ በኩር» አሉ በመጨረሻ፣ «ቢኖር ኖሮ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣ ነበር።»

የሳቀ የለም። እሳቸው ግን ፈገግ እንዳሉ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።