የሊቀ መለኪያ ዌንደል ስምንት ሺኛ

መንደር ሁሉ አንድ ለኪ አለው። ሌላው ሰው "ደህና ነው" ብሎ የተወውን ነገር እሱ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየውና ራሱን ይነቀንቃል። አጥር ስታጥር ሳትጠራው ይመጣል። በር ስትሰቅል ውሃ ልኩ ከኪሱ ይወጣል። "እኔ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም" የሚል አንባቢ ካለ፣ የመንደሩ ለኪ እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የኛ የፖፕላር ክሪክ ለኪ ክቡር ዌንደል ሃውገን ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የስኳር ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ቀርጸዋል። በዚህ ዓምድ "ሊቀ መለኪያ" የሚል ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መለኪያ ስል የመጠጡን ማለቴ አይደለም፤ ዌንደል ከወተት የጠነከረ ነገር አይቀምሱም።

እጃቸው የማይገባበት ነገር የለም። አምና በቤተ ክርስቲያኑ የጋራ እራት ላይ፣ ፓስተሩ ሊባርኩ እጃቸውን እንዳነሱ፣ ሊቀ መለኪያ ከኪሳቸው አንዲት የብረት ኳስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ኳሷ በድንች ጥብሱና በባቄላው መካከል ተንከባልላ ወደቀች። "ወደ ደቡብ ያዘነብላል" አሉ። ከጠረጴዛው እግር በታች ካርቶን እስኪገባ ድረስ ማንም አልበላም። በጡረተኛው ፖስተኛ ቀብር ላይ ደግሞ ሳጥኑ ሲወርድ "በግራ በኩል ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል" ብለው ለሚስታቸው አንሾካሾኩ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ሹክሹክታቸውን ቀባሪው ሁሉ ሰማው። ተሸካሚዎቹም አስተካከሉት።

እውነተኛው መንበራቸው ግን ጋራዡ ውስጥ ያለው የሥራ ጠረጴዛ ነው። እዚህ ሞንታና ለአደን የሚወጣው ሰው ግማሹ ጥይቱን ራሱ ይሞላል። የተተኮሰውን ቀለሃ ያነሳል፣ ቅርጹን ይመልሳል፣ ባሩድ ያደርግበታል፣ አፉ ላይ አዲስ አረር ይተክላል። አረሩ ሲተከል ትንሽ ከተንጋደደ ጥይቱ ጠማማ ነው ይባላል፤ ጠማማ ጥይት ደግሞ እንደ ጠማማ ሰው ነው፣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ዌንደል ጥይቷን መለኪያቸው ላይ አጋድመው በጣታቸው ቀስ አድርገው ያሽከረክሯታል። ሰዓት የሚመስለው መለኪያ ላይ ያለችው መርፌ ከተወዛወዘች ጉድ ፈላ። ውዝዋዜዋን በሺኛ ይቆጥሩታል፤ አንድ ኢንች ለሺህ ቢቆረጥ አንዷ ቁራጭ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ሦስት ሺኛ ያህል ይወፍራል። የራሳቸውን ለክተው ሁለት ተኩል ሆኖ አግኝተውታል፤ "በእርጅና ሳስቷል" ብለውኛል።

ከዚህ ጠረጴዛ የወጣች አንዲት ቃል አለቻቸው፦ "ግማሽ ተጫን፣ አዙር፣ ከዚያ ጨርስ!" አረሩን ባንድ ጊዜ አትትከለው፤ ግማሽ ድረስ አስገባው፣ ጥይቱን ግማሽ ዙር አዙረው፣ ከዚያ ጨርሰው፤ በአንድ በኩል የተንጋደደው በሌላው በኩል ይቃናል ማለታቸው ነው። ይህችው ቃል ለማርማላታ ክዳን፣ ለመስኮት፣ ለጎረቤት ጠብ ሁሉ ታገለግላለች። የፓስተሩ ልጅ ስታገባ ሙሽራው ቀለበቱ አልገባ ብሎት ሲያልበው፣ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር "ግማሽ ተጫን! አዙር! ከዚያ ጨርስ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀለበቱ ገባ። ትዳሩ እስከ ዛሬ አለ፤ ዌንደልም የእጃቸው ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል።

"ተሳስቻለሁ" የምትለውን ቃል ግን ከአፋቸው የሰማ የለም። ሃምሳ አንድ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ወይዘሮ ሎርናን ጠይቄያቸው ነበር።

"አንድ ጊዜ ሊል ምንም አልቀረውም" አሉኝ። "ሰኞ ነው ሲል ማክሰኞ ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የቀን መቁጠሪያውን ላሳተሙት ሰዎች የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈ።"

ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ። የተራራ አውራ በግ የሚታደነው ዕጣ ለወጣለት ሰው ብቻ ነው። ዕጣው ውስጥ ስሜን ማስገባት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ዘንድሮ ወጣልኝ። አንድ በግ፣ ምናልባት በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ። በጉ ደግሞ ገደል ማዶ ቆሞ ነው የሚታየው፤ ከሳትከው ደህና ዋል ብሎህ ይሄዳል። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠመንጃዬን ይዤ ኢላማ ሜዳ ወጣሁ። በመቶ ያርድ ሦስት ጥይት ተኮስኩ፤ ሦስቱም በስንዝር ተራርቀው አረፉ። ጥይቶቼን በካልሲ ቋጥሬ ወደ ሊቀ መለኪያ ሮጥኩ።

"ማነው የሞላቸው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል።" አንዷን አጋድመው አሽከረከሯት። መርፌዋ እንደ በግ ጭራ ተወዛወዘች። "ሎርና! ነይ እዪ! ስምንት ሺኛ!"

"እኔ ጋ ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው!" አሉ ወይዘሮ ሎርና ከወጥ ቤት። "ምሳህ በረደ!"

"ስምንት ሺኛ ጠማማ ይዘህ ተራራ ልትወጣ ነበር፣ ሃርላን? በጉ ራሱ ያፍርልህ ነበር።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ተጠርጣሪው የቀለሃው አንገት ነበር፤ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ይቀጥን እንደሆነ ሃምሳ አንገት ተለካ። በነፃ ተለቀቀ። በሁለተኛው ሳምንት አረሩን ከላይ የሚገፋው ብረት ተከሰሰ፤ አረሬ ሹል ስለሆነ ጫፉን ብቻ ነክቶ ያንጋድደው ይሆናል ተባለ። ቶርኖ ላይ ተቀርጾ ተስተካከለ፤ መርፌዋ ከስምንት ወደ ሰባት ወረደች። በሦስተኛው ሳምንት ዌንደል ጠረጴዛቸውን በቡጢ መቱ። ወንጀለኛው የቀለሃውን አንገት ከውስጥ የምታሰፋው ትንሽ የብረት እንክብል ነበረች፤ ደርቃ ስትወጣ አንገቱን ይዛ ትጎትተውና ታጣምመው ኖሯል። አንገቱን ከውስጥ በጽሕፈት እርሳስ ዱቄት ቀቡት፣ እንክብሏንም ትንሽ ላላ አደረጓት። መርፌዋ ሁለት ሺኛ ላይ ቆመች።

ዌንደል ያፏጩ ጀመር። ወይዘሮ ሎርና በሩ ላይ ቆመው "ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሲያፏጭ አልሰማሁትም" አሉኝ። እኔም በጉን ለጊዜው ረስቼ ፉጨታቸውን አዳመጥኩ።

አደኑ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ አብረን ኢላማ ሜዳ ሄድን። ሦስት ተኮስኩ። አሁንም ስንዝር።

ዌንደል በአጉሊ መነጽራቸው ብዙ አዩ። "ትንፋሽህ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ትንፋሼ ምን ሆነ?"

"ጠማማ ትተነፍሳለህ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። በመመለሻው መንገድ የማንንም አጥር አልተቹም፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ማታ ወይዘሮ ሎርና ደወሉልኝ።

"እራት አልበላም ብሎ ጋራዥ ተቀምጧል። መለኪያውን እየለካው ነው።"

"በምን?"

"በሌላ መለኪያ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃዬን ልወለውል አነሳሁት። እንደማይደረገው አድርጌ ላዩ ላይ የታሰረውን ማነጣጠሪያ መነጽር ይዤ ነበር ያነሳሁት፤ "ቀጭ" አለ። ነቀነቅኩት። መነጽሩ እንደ አሮጊት ጥርስ ተነቃነቀ።

ሁሉም ነገር ያኔ ገባኝ። መነጽሩን ከአራት ዓመት በፊት ያሰሩልኝ ዌንደል ናቸው። የኛ ሰው የመነጽር ብሎን ካጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ በጥፍር ቀለም ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይቆረጥና ያስታውቃል። ዌንደል በወይዘሮ ሎርና ቀይ ቀለም አሳምረው አስምረውበት ነበር። አሁን የብሎኑ ላይ መስመር ወደ ሰሜን፣ የብረቱ ላይ መስመር ወደ ምሥራቅ ያያሉ። "ተፈትቻለሁ" ተብሎ በቀይ የተጻፈውን ትተን፣ ሁለታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ የፀጉር ሲሶ ስንፈልግ ከርመናል።

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ሳቄ ቀረ። ፖፕላር ክሪክ ቀልድ አይረሳም። ጀልባውን ከመኪናው ጋር ሳያስር ሐይቅ ድረስ የነዳው ሰውዬ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ሚስቱን "የጀልባው ባለቤት" ነው የምንላት። ሊቀ መለኪያ ያሰሩት ብሎን ተፈታ ከተባለ፣ ከእንግዲህ በዚያ ጋራዥ በር ጥይት በካልሲ ቋጥሮ የሚገባ ሰው አይኖርም። ያ ጠረጴዛ ደግሞ ከፋብሪካው የተረፋቸው ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ዓምድ ልጽፈው እጄን በልቶኝ ነበር። ካቻቢቴ አምጥቼ አጠበቅኩት። ቀዩ መስመር ከጥንት ቦታው ትንሽ አልፎ ቆመ። አፌንም አብሬ አጠበቅኩት።

አርብ ዕለት ዌንደል ዓይናቸው ቀልቶ አሥር አዳዲስ ጥይት ይዘው መጡ፤ ሁሉም ግማሽ ተጭነው፣ ዞረው የተጨረሱ። መነጽሩን አነጣጥሬ አስተካከልኩና ሦስት ተኮስኩ። ሦስቱን ቀዳዳ አንድ ሳንቲም ሸፈናቸው።

"አላልኩህም!" ብለው ባርኔጣቸውን ወረወሩ። "አንድ ሺኛ ናቸው! አንድ! ትንፋሽህም ተቃንቷል!"

"ከርስዎ ነው የተማርኩት" አልኳቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በጉን ገደል ማዶ አገኘሁት። አንድ ጥይት በቃው። ሥጋውን ተሸክሜ ስወርድ እዘፍን ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ የማይዘፍን ሰው ካለ አላውቅም። ግማሹን ለሃውገኖች አደረስኩ። ዌንደልም "ቆሻሻ ጠመንጃ አይሰቀልም" ብለው ሊያጸዱት ወሰዱት።

በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ። ተወልውሎ ያበራል። ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ስል ዓይኔ ብሎኑ ላይ አረፈ። አሮጌው ቀይ ቀለም ተፍቆ ጠፍቷል፤ በቦታው ከብሎኑ እስከ ብረቱ አዲስ፣ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ተሰምሯል። አውቀውብኛል ማለት ነው። እንዳላየ ሆኜ ጠመንጃውን ሰቀልኩት።

ባለፈው ሳምንት ከብት አርቢው ኦርቪል እንደኔ ጥይቱን ተሸክሞ ጋራዡ መጣ። እኔ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነበር። ዌንደል የኦርቪልን ጥይት አሽከርክረው "ስድስት ሺኛ!" ብለው ፈረዱ፤ ከዚያ የኔን በግ ታሪክ ከእንክብሏ ጀምረው እስከ ገደሉ አወሩለት።

"እና ጠማማነቱ ብቻ ነበር ችግሩ?" አለ ኦርቪል።

ዌንደል ጥይቷን በጣታቸው አገላበጡ። ወይዘሮ ሎርና እጃቸውን እየጠረጉ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ወሬው ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። "እሱ ብቻ ነበር! እኔ ምስክር ነኝ!"

"አንተ ውሸታም" አሉኝ ዌንደል፤ ጥይቷንም ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ኦርቪል፣ ከሁሉ በፊት ብሎኑን እይ። የሃርላን መነጽር ብሎን ተፈትቶ ነበር። አጥብቆት ነው ዝም ያለኝ።"

"ማነው መጀመሪያ ያሰረለት?"

"እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

"ምን አልክ?" አሉ ወይዘሮ ሎርና።

"ሰምተሻል።"

"አልሰማሁም። እስቲ ድገመው።"

"ግማሽ ተጭኛለሁ፣ አይበቃሽም?"

ሎርና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ኦርቪልም ሳቀ፤ ግን ጥይቱን ሰብስቦ አልሄደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና "በል የኔን ስድስት ሺኛ አቃናልኝ" አለ። እኔ ይህን ሽማግሌ እንደምወዳቸው ያኔ ነው በደንብ ያወቅኩት፤ ከበጉም ይልቅ።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። ጋዜጣ ላይ ብጽፈው ይከፋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከራሴ እስከ እግሬ ተመለከቱኝ።

"ጻፈው" አሉ። "ብሎኑንም ጻፍ። ግን ስምንት ሺኛ ነበር፤ ታሪኩ እንዲያምርልህ ብለህ ሰባት እንዳታደርገው።"