አቶ አራጌ አየር ላይ ስለቆዩበት ዘጠኝ ሰከንድ

ቀን፦ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40 (ጥሪው 2፡30 ነበር)
ቦታ፦ ቆቦ፣ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ዕቃ ቤት

የተገኙ፦
1. ወ/ሮ ቆንጅት፣ ሰብሳቢ
2. አቶ አራጌ፣ የጭፈራ መሪ (ላለፉት ሠላሳ ዓመታት)
3. ሙህሲን፣ ጨፋሪ (መሪ መሆን የሚፈልግ)
4. ሼህ በድረዲን፣ ሽማግሌ
5. ዘካሪያስ፣ ካሜራ ያዥ
6. አባይ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ አለሙ፣ በሬ ጠፍቶባቸው። በሬው በስብሰባው መሀል በደጃችን ሲያልፍ ታይቷል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ወደ አጀንዳ ከመገባቱ በፊት ጸሐፊው ቅሬታ አለው። ይህ ቅሬ መቶ ሃያ ወንበር ያለው ሲሆን ሁሉም ጎብዬ ከተማ ላለ ሰርግ ተከራይተዋል። በዚህም ምክንያት ይህ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በተደፋ ድስት ላይ ተቀምጦ ነው። ሰብሳቢዋ ድስቱ ትልቁ መሆኑን ገልጸው ቅሬታው ታልፏል።

አጀንዳ 1፦ እሁድ ሙሽራውን አጅበን ዋጃ ስንሄድ ጭፈራውን ማን ይምራ?

ሰብሳቢዋ ሲያስረዱ፣ ሙሽራው የአቶ አራጌ የእህት ልጅ መሆኑን፣ እንደ ደንቡም የእኛ መሪና የሴቲቱ ወገን መሪ በር ላይ ፊት ለፊት ዱላ ይዘው እንደሚዘሉ፣ የተበለጠው ወገን ደግሞ እስከሚቀጥለው ጥር በዘፈን ሲሰደብ እንደሚከርም አስታውሰዋል። ሙህሲን ለአያ አራጌ ያለውን አክብሮት ሦስት ጊዜ ከገለጸ በኋላ፣ አያ አራጌ ለጥምቀት ሲጨፍሩ ከመሬት አልተነሱም ብሏል። አቶ አራጌ በበኩላቸው ያን ሁሉ አቧራ ያስነሳው ነፋስ እንዳልነበረ መልሰዋል። በዚህ ጊዜ ዘካሪያስ፣ ቅሬው ከድንኳኑ ጋር ለማከራየት በገዛው፣ ቀስ አድርጎ በሚያሳየው ካሜራ ሁለቱንም መቅረጹን አሳውቋል።

አጀንዳ 2፦ ፊልሙን ስለ ማየት

ፊልሙ በዘካሪያስ ላፕቶፕ ታየ። አቶ አራጌ በአቧራው ምክንያት ከወገባቸው በታች አይታዩም። ትከሻቸው ከተነሳ እስኪመለስ ግን ሼህ በድረዲን በመቁጠሪያቸው ቆጥረው ዘጠኝ ሰከንድ አግኝተዋል። ሙህሲን ወጥቶ ሲወርድ ሼሁ የመጀመሪያዋን ፍሬ እንኳ አላሳለፉም። ሰብሳቢዋ፣ ዘጠኝ ሰከንድ አየር ላይ የሚቆይ ሰው ለዋጃ ብቻ መወሰኑ ብክነት ነው ብለዋል። ሙህሲን ከአቶ አራጌ ጀርባ ከአጥር የወረደች ዶሮም አራት ሰከንድ መቆየቷን አንስቶ፣ እንግዲያው ሁለተኛ የምትወጣው እሷ ናት ሲል ተቃውሟል። ከረጅም ውይይት በኋላ፦

ውሳኔ 1፦ አቶ አራጌ እንዲመሩ ተወስኗል። ዶሮዋ የቅሬው አባል ስላልሆነች አልታየችም።

አጀንዳ 3፦ ዘካሪያስ ቀድሞ መናገር ስለነበረበት ነገር

ዘካሪያስ የመናገር ዕድል ስላልተሰጠው ዝም ማለቱን ገልጾ፣ አቶ አራጌን የቀረጸው በዝግታው፣ ሙህሲንን ግን ቁልፉን መመለስ ረስቶ በተራው ፍጥነት መሆኑን አመነ። ካሜራው በአንድ ሰከንድ ሁለት መቶ አርባ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ተዘርግቶ ሲታይ አንዷ ሰከንድ ስምንት ትሆናለች ብሎም አስረዳ። ሰብሳቢዋ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ጊዜ ማስረዘም ማን እንደፈቀደለት ጠየቁ።

ሁለቱም በግቢው ውስጥ በአንድ ፍጥነት፣ በዝግታው፣ ዳግም እንዲቀረጹ ተደረገ። አቧራ እንዳይነሳም ግቢው ውኃ ተረጨበት። በመጀመሪያው ሙከራ ዘካሪያስ ቁልፉን የተጫነው አቶ አራጌ ከጨረሱ በኋላ ስለነበር፣ የተገኘው ፊልም አቶ አራጌ ለአርባ ሰከንድ ሲያስነጥሱ የሚያሳይ ነው። ሼህ በድረዲን ለእያንዳንዱ ክፍል ይማርህ ማለት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ጥርት ብሎ ወጣ። የሙህሲን እግር ከአጥሩ ሁለተኛ አግዳሚ በላይ ሄዷል። የአቶ አራጌ ትከሻ ተነስቷል፣ ዱላቸው ተነስቷል፣ ጢማቸውም በመጠኑ ተነስቷል። የእግራቸው ጣቶች ግን ከመሬት አልለቀቁም። ሦስት ጊዜ ታየ። አራተኛውን ማንም አልጠየቀም።

አቶ አራጌ ላፕቶፑን ራሳቸው ከደኑትና እንዲህ አሉ፦ «ሠላሳ ዓመት ዘፈኑ ሲያነሳኝ ይታወቀኝ ነበር። እግሬን ግን አይቼው አላውቅም።»

ሙህሲን እንዲህ ሆኖ ማሸነፍ አልፈለግሁም ብሎ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲነሳ ሰብሳቢዋ አስቀምጠውታል። ከአጭር ውይይት በኋላ፦

ውሳኔ 2፦ ውሳኔ 1 ተነስቶ ሙህሲን እንዲመራ፤
ውሳኔ 3፦ አቶ አራጌ ለሙሽራው ጥላ እንዲይዙ፤
ውሳኔ 4፦ የእሁዱ ዝላይ በዝግታ ተቀርጾ ለዋጃዎች እንዲላክ።

ቃለ ጉባኤው ሊፈረም ሲል በሩ ተንኳኳ። ጸሐፊው ሲከፍት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተሸፋፈነች ልጅ ገባች። የእሁዷ ሙሽራ ፍሬሕይወት ናት፣ ከዋጃ በሚኒባስ ብቻዋን መጥታ። ሰርጓ አራት ቀን የቀራት ሙሽሪት በባሏ ወገን ፊት መታየቷ ነውር በመሆኑ ሼህ በድረዲን ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ክምር አዞሩ። ሰብሳቢዋ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልሞተም እትዬ» አለች። «የእኛን ወገን የሚመራው አባቴ ነው። ጉልበቱን ታሟል፣ ሐኪሙም አትዝለል ብሎታል። ግን እልኸኛ ነው፤ ከእናንተ የሚዘል ካየ ይዘላል። በሰርጌ ቀን አባቴን በቃሬዛ እንዳላየው፣ እባካችሁ የማይዘል ሰው አምጡልኝ።»

ሁሉም፣ ጸሐፊው ጭምር፣ አቶ አራጌን አየ። አቶ አራጌ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ ዝላይ መተው እንደሚከብዳቸው፣ ሆኖም ለሙሽሪት አባት ጉልበት ሲሉ እሁድ ዝቅ አድርገው እንደሚዘሉ አስታወቁ። ሐሳቡን ቀድሞ የደገፈው ሙህሲን ነው። በመሆኑም በሙሉ ድምፅ፦

1. ከውሳኔ 1 እስከ 4 ያሉት በሙሉ ተሽረዋል።
2. እሁድ አቶ አራጌ ይመራሉ። ሙህሲን ከኋላቸው ሆኖ እግሩን ከእሳቸው እግር በላይ አያነሳም።
3. ካሜራው እሁድ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ይውላል።
4. ሙሽሪት ፍሬሕይወት ዛሬ እዚህ ቤት አልመጣችም።

ያልመጣችውን ሙሽሪት እስከ ሚኒባሱ እንዲሸኝ ጸሐፊው ተወክሎ፣ ስብሰባው ከቀኑ 6፡15 ተበተነ።