የኦቦ ደገፋ ፊያት ለምን አይሮጥም?

(ቡራዩ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.፣ እሑድ ጧት ሦስት ሰዓት። የመለዋወጫ ነጋዴው ወንዳፍራሽ አዲሱን ሱፉን በጋዜጣ ሸፍኖ አሮጌዋ ፊያት ሞተር ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቷል። ባለ መኪናው ኦቦ ደገፋ ዛሬ ሽማግሌ ሆነው ሆለታ ድረስ ሄደው የሚወዳትን ኤቢሴን ለትዳር ሊጠይቁለት ነው። አባቷ “እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣችሁ ለሌላው እሺ እላለሁ” ብለዋል። መንገዱንም እንደ ሰሞኑ ከሆነ ቀትር ላይ ተቃውሞ የወጡ ልጆች በድንጋይ ይዘጉታል። የወንዳፍራሽ እጅም አፍም አላረፉም።)

ወንዳፍራሽ፦ አርባ! በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር! ይሄ መኪና ነው ጋሪ?

ደገፋ፦ በአርባም እንደርሳለን። እንነሳ።

ወንዳፍራሽ፦ አማቼ ቤት በጋሪ ፍጥነት አልገባም! በሽታዋን አግኝቼዋለሁ። ሞተሩ አየር ያንሰዋል።

ደገፋ፦ መስኮቱን ልክፈትለት?

ወንዳፍራሽ፦ ለሞተሩ እኮ ነው! ማጣሪያውን አውጥቻለሁ፣ ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ካርቡሬተሩን አጥቤያለሁ። አሁን የጢስ ማፈኛውን ማርሚታ ልፍታና ጢሱ እንደ ልቡ ይውጣ። ሞተር በደንብ ከተነፈሰ ይሮጣል።

ደገፋ፦ እኔም በደንብ እተነፍሳለሁ፤ ግን አልሮጥም።

ወንዳፍራሽ፦ አንቱማ ስልሳ ስምንት ዓመትዎ ነው!

ደገፋ፦ እሷም ልጅ አይደለችም።

ወንዳፍራሽ፦ (መኪናዋ ሥር ተኝቶ) የኔን ኮሮላ በዚህ እጄ አይደል ያበረርኳት? ሰበታ ደርሼ ስመለስ ሻዬ አይበርድም ነበር።

ደገፋ፦ ታዲያ ለምን በሷ አንሄድም?

ወንዳፍራሽ፦ እሷ... ጉዳይ ላይ ናት። የአሥራ ሦስት ቁልፍ ያቀብሉኝ! ደሞ ይሄን ቅርንጫፍ ማን ፊቷ ላይ አሰረው? ራዲያተሩን ሸፍኖ ሞተሩን ያግለዋል።

ደገፋ፦ እሱን አትንካ! መንገድ የዘጉት ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት ቅጠሉን ነው፤ እሱን ካዩ ያሳልፋሉ። ሞተሩን ማን ያየዋል?

ወንዳፍራሽ፦ እሺ፣ ክብደት እንቀንስ። የኋላ ወንበሩ ይውረድ።

ደገፋ፦ ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችስ?

ወንዳፍራሽ፦ ይንበርከኩ።

ደገፋ፦ (አሰብ አድርገው) ያው ለልመና ነው የምንሄደው። ከመንገድ ብንጀምር አይከፋም።

(ሰዓቱ ይነጉዳል። በመጨረሻ ሞተሩ ሲነሳ ግቢው ይናወጣል፤ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ይዘላሉ። ወንዳፍራሽ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። ፊቱ አመድ መስሏል።)

ደገፋ፦ ስንት ሆነች?

ወንዳፍራሽ፦ አርባ።

ደገፋ፦ ድምጿ ግን መቶ ሃያ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ እኮ ነው! (ሰዓቱን ያያል) አምስት ተኩል! አሁን በአርባ አንደርስም። አለቀልኝ፣ ኦቦ ደገፋ! ሦስት ዓመት የወደድኳት ልጅ በገዛ እጄ ቀረችብኝ።

ደገፋ፦ ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ አታልቅስ። ፈቀቅ በል።

(ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ይገልጣሉ። ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የእንጨት ቁራጭ ያወጣሉ።)

ወንዳፍራሽ፦ ምንድን ነው እሱ?

ደገፋ፦ እንጨት። ፔዳሉ ከአርባ በላይ እንዳይወርድ ኅዳር ላይ እኔው ነኝ የከተትኩት።

ወንዳፍራሽ፦ አውቀው?! ይሄን ሁሉ ሰዓት ስለፋ ዝም ብለው ያዩኛል?

ደገፋ፦ “በሽታዋን አግኝቼዋለሁ” አልክ። ሐኪም አይቋረጥም ብዬ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ሰው እንዴት የገዛ መኪናውን ያስራል?

ደገፋ፦ በዚህ ሰሞን ፈጣን መኪና ያየ ሁሉ “ለአንድ ቀን አውሰን” ይላል። አንዱ ለማባረር፣ ሌላው ለማምለጥ። እኔ ዘንድም ሦስቴ መጡ። ውሰዱ አልኳቸው። አንዱማ እስከ ማዞሪያው ነድቷት፣ እዚያው ትቷት በእግሩ ሮጠ።

(ወንዳፍራሽ የተበተኑትን ቁልፎች መሰብሰብ ይጀምራል።)

ደገፋ፦ እስኪ ልጠይቅህ። ያቺ ያበረርካት ኮሮላ እውነት የት ናት?

ወንዳፍራሽ፦ (መሬት መሬት እያየ) ማክሰኞ... ለአንድ ቀን ብለው ወሰዷት።

ደገፋ፦ ዛሬ ማነው ቀኑ?

ወንዳፍራሽ፦ እሑድ።

ደገፋ፦ ቶሌ፣ እሺ። ቶሎ ወንበሩን መልስ፤ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው። (እንጨቱን ያቀብሉታል) ይሄን ደሞ በሱፍህ ኪስ ውስጥ ያዝልኝ። ሆለታ መግቢያ ላይ መልሰን እንከተዋለን።

ወንዳፍራሽ፦ እዚያ ደሞ ለምን?

ደገፋ፦ አማትህ መኪና መዋስ ይወዳሉ አሉ።