ፀሐይ አፍንጫ ሥር የተገኘው በረዶ

ከሬዲዮ የሰማውን ሳይናገር ምሳ የማይወርድለት ሰው የሌለበት ከተማ ከቶ የለም። የሸዋ ሮቢቱ፣ ሾሚም ሻሪም የሌላቸው ክቡር ጋሼ አየለ ናቸው፤ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ። ጠዋት ጠዋት ዘነበች ሆቴል በረንዳ ላይ ይሰየሙና የደከሙ የባትሪ ድንጋዮቻቸውን ነፍስ እንዲዘሩ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ከዚያ «ሰምታችኋል ወይስ ተኝታችኋል?» ይላሉ። የቻይና ድልድይ ቢሉ የጃፓን ባቡር፣ በዚህ በረንዳ ያላለፈ የዓለም ጉዳይ የለም። ዘነበችም ሻያቸውን እያስቀመጠች «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ትላቸዋለች።

በ2005 ኅዳር ላይ ግን ጋሼ አየለ እየሮጡ መጡ።

«ዘነበች! በረዶ ተገኘ!»

መብራት ከሄደ፣ ማቀዝቀዣዋም ከቆመ ሁለተኛ ቀኑ ነበርና ልቧ ዘለለ። «የት? ካራቆሬ?»

«ሜርኩሪ ላይ! ከሁሉም ፕላኔት ለፀሐይ የቀረበችው ላይ!»

ሚኒባስ ነጂው ቃሲም በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ወላሂ ጋሼ፣ እኛ ሮቢት ላይ ያጣነው በረዶ ፀሐይ አፍንጫ ሥር?»

«ጉድጓድ አላት! ፀሐይ ገብቶበት የማያውቅ ጥልቅ ጉድጓድ! የሰባት ሰዓቱ ዜና ካልደገመው፣ ከእንግዲህ እዚህ በረንዳ ላይ አንዲት ዜና ብተነፍስ ምላሴ ይቆረጥ!»

በሰባት ሰዓት ሰው ሁሉ ሬዲዮኑን ከበበ። ስብሰባ ተባለ፣ መኸር ተባለ፣ ኳስ ተባለ፤ ዜናው አለቀ። ጋሼ አየለ ሬዲዮናቸውን አጥፍተው ሄዱ።

በማግስቱ መጡ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ዝም። በሦስተኛውም ቀን ዝም። ዘነበች እፎይ እላለሁ ስትል ጭንቅ ያዛት። ቃሲም ስለ ጎማ ብቻ ያወራል፤ ዓለም ከሮቢት ኬላ ወዲያ የሌለች መሰለች። ሽማግሌው ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ያረጁ መሰላት፤ እንዲህ እንደተዘጉ ቢቀሩስ?

መብራቱ አሁንም አልመጣም። ለስላሳ ልታመጣ ወደ ጓሮ ሄደች፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል፣ ፀሐይ ዝር በማይልበት ጠባብ ቦታ፣ ጠርሙሶቹን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ጆንያ አልብሳቸዋለች። አንዱን ስትመዝ እጇን አቀዘቀዘው። ባለችበት ቆመች። ስንት ዓመት ስታደርገው የኖረችውን ልብ አላለችውም ነበር!

እየሮጠች ተመልሳ ጠርሙሱን የቃሲም ማጅራት ላይ ለጠፈችው። ቃሲም ከወንበሩ ዘለለ።

«ጥላ ነው! ፀሐይ ያላየው ቦታ ነው! ሮቢት ላይ እንዲህ ከቀዘቀዘ፣ ከተፈጠረ ፀሐይ ያልገባበት ጉድጓድማ በረዶ ቢይዝ ምን ይገርማል? ጋሼ፣ በሞቴ ይናገሩ!»

«ምያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«የማሉት በረንዳው ላይ ነው፤ በረንዳው ደግሞ የእኔ ነው። መሐላውን አንስቼልዎታለሁ!»

ጋሼ አየለ ቃሲምን አዩ። ቃሲም ማጅራቱን እያሻሸ «ይናገሩ እንጂ ጋሼ፣ ተሳፋሪው ይጠብቃል» አለ።

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «ጨረቃም ላይ አለ እኮ! እሱንም ልነግራችሁ ብዬ...»

ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ የማታውቀው ዘነበች ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቀስ ብለው» አለች፤ «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»