ክላክስ የሚወድ ጎረቤት

ለመሆኑ ክላክስ የሚወድ ሾፌር ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? የኛው ከጅማ ቡና ጭኖ ሲመጣ ከሲኒማ ራስ ጀምሮ እንደ ባቡር እያስጮኸ ነው የሚገባው። ባለቤቴ ታማ ተኝታለች፤ ሐኪሙም እንቅልፍ ካላገኘች አትድንም ብሎኛል።

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ላክሁበት።

ሰውየው ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አጥፍቻለሁ አባቶቼ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ። ቀጥሎም፣ «እናንተን የመሰለ ሽማግሌማ በእግሩ አይሄድም» ብሎ ካሚዮኑ ላይ አወጣቸውና፣ ለክብራቸው ክላክሱን እየነፋ ደጄ ድረስ አመጣቸው። ባለቤቴን ገና ሸለብ አድርጓት ነበር።

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ወረዱ። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ታርቃችኋል» አሉኝ።

በሳምንቱ ያው ክላክስ መጣ። እርቅ ወርዷል ተብሏልና አሁን ብከስ ነገረኛው እኔ ነኝ። ባለቤቴስ? ካሚዮኑ በማይመጣበት ሌሊት እንኳ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።